ሃያ ሥዕል ልኬ አራት እምቢታ መጣ፤ ለማስተርስ የሚያመለክት ሰዓሊ ምን ይላክ?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሰዓሊ ነኝ። በሥዕል የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝኩ 7 ዓመት ሆነኝ። ኮተቤ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እሠራለሁ። ኪራዬን የምከፍለው በትእዛዝ ሥዕል ነው። ለሆቴል፣ ለሠርግ ስጦታ፣ ለአዲስ ቤት ምረቃ የሚሆን እሥላለሁ። ጊዜ ሲሳካልኝ ደግሞ የራሴን እሠራለሁ።

አምና አሜሪካ ለሚገኙ አራት ዩኒቨርሲቲዎች አመለከትኩ። ኤም ኤፍ ኤ ለሚሉት የሥነ ጥበብ ማስተርስ ነው። አብዛኛው ቦታ 2 ዓመት፣ አንዳንድ ቦታ 3 ዓመት ይፈጃል። ለማመልከቻ ክፍያ ብቻ ከ300 ዶላር በላይ ወጣ። ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት በካርዷ የከፈለችልኝ። አራቱም አልተቀበሉኝም። ምክንያት አልጻፉም። የሦስት መስመር ኢሜይል ብቻ።

ብዙ አሰብኩበት። የጣለኝ እንግሊዝኛዬ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሥዕሌ አይደለም። ስለ ሥራዬ የጻፍኩት የአንድ ገጽ ጽሑፍ ደካማ ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ ለሚችል ሰው ከፍዬ ላስጽፍ ነው። አሁን መስከረም ነው። የብዙዎቹ ቀነ ገደብ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ያለፋችሁበት ሰዎች፣ ግምቴ ልክ ነው? በቀሩት ሦስት ወራት ምን ብሠራ ይሻላል?

ይህን ከለጠፍኩ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ መልስ ሲመጣ ሰነበተ። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረዘመ፤ አዲስ የሚገባ ሰው መጀመሪያና መጨረሻው ጠፋበት። ስለዚህ የተባለውን በየቁጥሩ፣ በራሴ አነጋገር እንደሚከተለው አስቀምጫለሁ። የእኔንም ስሜት አልደበቅኩም።

መልስ 1

የመጀመሪያው ሰው ምክር አልነበረውም። እሱም ዘንድሮ ሊያመለክት እንደሆነ ነገረን። ክሩን እንደሚከታተል ጽፎ አበረታታኝ። ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔ ግን ለአንድ ዓመት ያህል ስለዚህ ጉዳይ ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ በጣም ደስ አለኝ።

መልስ 2

ይህቺ እህት የጻፈችው ከአሜሪካ ነው። በአንድ የክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲ በሥዕል ማስተርሷን ጨርሳለች። ተማሪ ሳለች የአመልካቾች ሥራ ሲታይ ከመምህራኑ ጋር የመቀመጥ ዕድል አግኝታለች። ረጅም ጻፈች፤ በትሕትና፣ ግን ያለ ማለባበስ።

እንደ እሷ ገለጻ ኮሚቴው ውስጥ የሚቀመጡት ራሳቸው ሰዓሊዎች ናቸው። በመቶ የሚቆጠር ማመልከቻ ይቀርብላቸዋል። መጀመሪያ የሚከፈተው ሥዕሉ ነው። ምስሎቹ በስክሪን ላይ ተከታትለው ያልፋሉ። በመጀመሪያው ዙር አንዱ ምስል የሚታየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ጽሑፉ የሚነበበው ሥዕሉ ዓይናቸውን ከያዘ በኋላ ነው። ስለዚህ የእኔ ጽሑፍ መነበቡን ራሱ ተጠራጠረች። ጂ አር ኢ የሚባለውን ፈተና አብዛኞቹ የሥዕል ክፍሎች እንደማይጠይቁ፣ ቶፍል ወይም ዱዎሊንጎ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ግን እንደሚያስፈልግ አስታወሰችኝ። የሚላከው ሥዕል ብዙ ቦታ ከ10 እስከ 20 ነው። ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት የተሠራ እንዲሆን ይፈለጋል። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ የላክኳቸው 20 ሥዕሎች ምን ምን እንደሆኑ።

ያን ቀን ሥራ አልያዝልኝም። አንድ ዓመት ሙሉ የተደገፍኩበትን ምክንያት በአንድ አንቀጽ ወሰደችብኝ።

መልስ 3

ይህ የራሴ ነው። ዝርዝሩን አስቀመጥኩ። ስድስቱ የተማሪነት ሥራዎቼ ናቸው፤ የሞዴል ጥናት፣ ጠርሙስና ሽንኩርት፣ የእጅ ንድፍ። አምስቱ የትእዛዝ ናቸው፤ ቡና የምታፈላ ሴት፣ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ፣ የጎንደር ግንብ፣ ሁለት የሠርግ ጥንዶች። ሁለቱ በቀለም ብቻ የሞከርኳቸው ናቸው። የቀሩት ሰባቱ የግድግዳ ሥዕሎች ናቸው።

ስለ ግድግዳዎቹ ትንሽ ላብራራ። ፒያሳና ካዛንቺስ ቤቶች ሲፈርሱ አንዳንዴ አንድ ግድግዳ ብቻውን ቆሞ ይቀራል። የቤት ውስጥ ግድግዳ ነበር፤ አሁን ደጅ ሆኗል። ሰው መኝታ ቤቱን የቀባው ውሃ ሰማያዊ፣ ሳሎኑን የቀባው አረንጓዴ ፀሐይ ላይ ወጥቷል። የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ከሌላው ደመቅ ብሎ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። ሥዕለ አድኅኖ የተሰቀለበት ምስማር አለ። በጢስ የጠቆረ የማዕድ ቤት ጥግ አለ። እነዚያን ነው አቡጀዲ ወጥሬ የምሥላቸው። ከዘይት ቀለም ጋር ለቤት የሚቀባውን ቀለም ራሱን እጠቀማለሁ።

መልስ 4

አራተኛው አልራራልኝም። ዝርዝሩ የአንድ ሰው ሳይሆን የአምስት ሰዎች ሥራ እንደሚመስል ጻፈ። አንድ መምህር ሦስት ምስል አይቶ ይህች ልጅ ምን እየፈለገች ነው ብሎ ቢጠይቅ መልስ አያገኝም፤ ነገሩ ይኸው ነው አለ። ቡና የምታፈላዋን ሴት መላክ ኮሚቴውን እንደ ቱሪስት መቁጠር ነው እስከ ማለት ደረሰ። ሰላምታም አልነበረውም።

አመመኝ። ያቺ ሥዕል የሁለት ወር ኪራይ ከፍላልኛለች። በማግስቱ ግን ሃያዎቹን በስልኬ ላይ ደርድሬ አየኋቸው። ሰውየው ልክ ነበር።

መልስ 5 እና 6

አምስተኛው የንድፍ መምህር ነው፤ በአራተኛው ተቆጣ። ንድፍ የማይችል ሰው ሰዓሊ ነኝ ሲል እንደማይወድ፣ የሞዴል ጥናቶቼን ማውጣት መሠረቴን መካድ እንደሆነ ጻፈ። ታላላቆቻችን በንድፍ ተቀጥቅጠው እንደወጡ አስታወሰ። ሶቪየት ኅብረት የተማሩትን፣ በተለይ ሌኒንግራድ የተማረውን ታደሰ መስፍንን በምሳሌነት አነሣ።

ስድስተኛዋ ያንኑ ምሳሌ ይዛ ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደችው። በትሕትና ነው የጻፈችው። ታደሰ መስፍን ንድፉን እንደተማረ አልካደችም። ዓለም የሚያውቃቸው ሥራዎቹ ግን የአካዳሚ ጥናቶች አይደሉም። በገበያ የሚውሉ ሴቶች ናቸው፤ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ መሬት የረገጡ የማይመስሉ፣ ለዓመታት ደጋግሞ የሠራቸው። ንድፉ የትም አልሄደም፤ እዚያው ውስጥ ነው። ማስተርስ የሚያስተምር ክፍል አመልካቹ መሣል እንደሚችል አስቀድሞ ይጠብቃል። የሚያየው በዚያ ችሎታ ምን እየተሠራ እንደሆነ ነው። ይህን ሳነብ ከሁለቱም ጋር ታረቅኩ። የሞዴል ጥናቶቼን ስላወጣሁ የተማርኩት አይጠፋም።

መልስ 7፣ 8 እና 9

እዚህ ላይ ወሬው መንገድ ለቀቀ። ሰባተኛው ወላጆቹ ኢንጂነሪንግ ካልተማርክ ብለው እንዳስጨነቁት አወጋ። በነገሩ መሐል ገብረ ክርስቶስ ደስታና አፈወርቅ ተክሌ እንዲህ ያለ ጭንቀት እንዳልነበረባቸው፣ ገና ከጅምሩ ለሥዕል ወደ ውጭ እንደተላኩ ጻፈ። ስምንተኛው ወዲያው አረመው። አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1947 እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ ወደ ሥዕል የዞረው እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። ገብረ ክርስቶስም በመጀመሪያ ግብርና ጀምሮ ነበር። ኮሎኝ ሄዶ ሥነ ጥበብ የተማረው ከ1957 እስከ 1961 ነው። ሰባተኛው ስሕተቱን ተቀብሎ አመሰገነ። እንዲያውም ለአባቱ የሚነግረው ነገር ስላገኘ ደስ እንዳለው ጻፈ።

ዘጠነኛው መልስ ስድስት ኪሎ ስላለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ነው። ሰውየው ለማመልከት የሚዘጋጅ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ሄዶ አንድ ሙሉ ቀን ይዋል አለ። ስለ ማመልከቻ ምንም አልጻፈም። እኔ ግን ቅዳሜ ሄድኩ። ከስልክ ላይ ያየሁትን ሥዕል በአካል ሳየው ስፋቱ ብቻ ሌላ ነገር ነገረኝ።

መልስ 10

ከዋሽንግተን የጻፉት አባት ናቸው። ሁሉም ጋሼ እያለ ጠራቸው፤ እኔም ያንኑ ልከተል። ጋሼ የዕድሜዬን ነገር ነው ያነሡት። ከተመረቅኩ 7 ዓመት ማለፉን እንደ ጉድለት እንደቆጠርኩት ከጽሑፌ ገብቷቸዋል። ወሰኔ ኮስሮፍን አነሡልኝ። አዲስ አበባ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሱን ያገኘው በ1980 ነው። በመካከሉ 8 ዓመት አለ። የግዕዝ ፊደልን የሥዕሉ አካል አድርጎ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶበታል። እስክንድር ቦጎሲያንም በዚያው በሃዋርድ እስከ 2001 ድረስ አስተምሯል። ጋሼ ያሉት ባጭሩ ይህ ነው፤ በትምህርት ቤትና በትምህርት ቤት መካከል ያለው ጊዜ የባከነ አይደለም፣ ሰዓሊው የሚሠራበት ነገር የሚገኘው ያኔ ነው። ትእዛዝ እየሠራሁ የኖርኩበትን ዓመት እንዳላፍርበት መከሩኝ።

ይህን መልስ አስቀምጬዋለሁ። ሲጨንቀኝ አነበዋለሁ።

መልስ 11 እና 12

ገንዘብ ተነሣ። አሥራ አንደኛው ዬል ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ በነፃ እንደሆነ ሰምቶ ለእሱ ብቻ እንዳመለክት መከረኝ። አሥራ ሁለተኛዋ ይህን ስታይ ትዕግሥቷ አለቀ። በነፃ የሆነው የዬል የቴአትር ትምህርት ቤት ነው። ባለጸጋው ዴቪድ ገፈን እ.ኤ.አ. በ2021 የ150 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ ሰጥቶ ነው ክፍያው የተነሣው። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ሌላ ነው፤ ያስከፍላል። እንዲህ ያለ ወሬ ሳያጣሩ መጻፍ የሰው ገንዘብና ጊዜ ያስበላል ብላ ገሠጸችው። ቁጣዋ ከየት እንደመጣ ቀጥላ ነገረችን።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ትምህርት ቤት ተቀብሏት ነበር። ደብዳቤው ሲመጣ ቤተሰቡ እልል አለ። ገንዘቡ ግን አልነበረም። አይ ትዌንቲ የሚባለው፣ ትምህርት ቤቱ ለተማሪ ቪዛ የሚያወጣው ወረቀት የሚሰጠው የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ እንዳለ ማስረጃ ሲቀርብ ነው። ያ ወረቀት ከሌለ የቪዛ ቀጠሮ የለም። ዘመድ ሁሉ ተጠይቆ አልሞላም። ቦታው አለፋት። ስለዚህ ምክሯ ግልጽ ነው። ከማመልከትሽ በፊት ትምህርት ቤቱ ለተማሪዎቹ እንዴት እንደሚከፍል ጠይቂ። ብዙ የክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲዎች የረዳት መምህርነት ሥራ ይሰጣሉ። ለጀማሪዎች ንድፍ ታስተምሪያለሽ፤ በለውጡ የትምህርት ክፍያው ይነሣል ወይም ይቀንሳል፣ ለኑሮም ወርኃዊ ገንዘብ ይሰጣል። ስሙ ያልገነነ ግን የሚከፍል ትምህርት ቤት፣ ስሙ ገንኖ ዕዳ ከሚያሸክም እንደሚሻል ደጋግማ ጻፈች። አንድ ነገር ጨመረች። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ ላገኘ ተማሪ እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 7፣ እንዲያስብ ጊዜ ይሰጣሉ። ቶሎ ወስኚ ቢሉሽ አትደንግጪ ማለቷ ነው።

አምና የመረጥኳቸውን አራቱን ትምህርት ቤቶች በዚህ ዓይን መልሼ አየኋቸው። ሦስቱ ቢቀበሉኝም ኖሮ መሄድ አልችልም ነበር።

መልስ 13

ከጀርመን የጻፈ ወንድም አሜሪካ ብቻ ለምን ብሎ ጠየቀ። እዚያ ነገሩ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ተማሪው የሚገባው ወደ አንድ ፕሮፌሰር ክፍል ነው። ማፔ የሚሉት የሥራ አቃፊ አለ። ሰው አስቀድሞ ፕሮፌሰሩን አግኝቶ ሥራውን ቢያሳይ ይመከራል። ተስፋዬ ኡርጌሳ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሽቱትጋርት አካዳሚ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢያናሌ፣ በታላቁ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ አዳራሽ ሲኖራት የተወከለችው በእሱ ሥራ ነው።

ወጪውን አልደበቀም። አብዛኛው የጀርመን ክፍለ ግዛት የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። ሽቱትጋርት ያለችበት ባደን ቩርተምበርግ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ተማሪ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ታስከፍላለች። ለቪዛ ደግሞ ዝግ ሒሳብ በሚሉት፣ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ ለዓመት 11,904 ዩሮ ማሳየት ያስፈልጋል። ዳድ የሚባለው የጀርመን ድርጅት ለሥነ ጥበብ ተማሪዎችም ስኮላርሺፕ አለው። ጀርመንኛም መማር አይቀርም። ለእኔ ዘንድሮ አይደርስም። ለሌላ ሰው ግን ይጠቅማል።

መልስ 14፣ 15፣ 16 እና 17

ክሩ የጋለው እዚህ ላይ ነው። አሥራ አራተኛው ፈረንጅ ከኛ የሚፈልገው አፍሪካን ነው የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ። ቤተ ጊዮርጊስን፣ መስቀሉን፣ ትልልቅ ዓይን ያላቸውን ቅዱሳን አብዢ አለኝ። ግድግዳ የትም አገር አለ ብሎ ሰባቱን እንዳወጣቸው መከረ። አሥራ አምስተኛዋ ይህን ስታነብ ነደደች። ሥዕል ለገዢ እንደሚቀርብ በግ አይደለም ብላ ጀመረች፤ ቀጥሎ ያለውን አልደግመውም። ጁሊ ምሕረቱን ጠራች። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው፣ በ1997 ከሮድ አይላንድ የዲዛይን ትምህርት ቤት ማስተርሷን የያዘችው ሰዓሊ በካርታና በሕንፃ ንድፍ ላይ መስመር እየደራረበች ነው ስሟን የተከለችው። ጀበና አልሣለችም።

አሥራ ስድስተኛው ምሳሌው አይሠራም አለ። ጁሊ በሕፃንነቷ ወጥታ አሜሪካ ያደገች ናት። ኮተቤ ተከራይታ ከምትሠራ ልጅ ጋር አትወዳደርም። ይህ እውነት ነው፤ አሥራ አምስተኛዋም ኋላ ላይ አመነች። ግን በመሐል ብዙ ተሰዳደቡ። አሥራ ሰባተኛዋ ገብታ ሁለቱም ስለ እኔ ሥዕል እያወሩ አንዳቸውም እንዳላዩት አስታወሰቻቸው። ዝም አሉ።

እኔ የምለው ይኖረኛል። ቤተ ጊዮርጊስን የማልልከው ኢትዮጵያዊ ስለሆነ አይደለም። ስሠራው ምንም ጥያቄ ስላልነበረኝ ነው። ፎቶ ሰጡኝ፤ ከፎቶው ቀዳሁ። ግድግዳው ፊት ስቆም ግን ማን እዚህ ተኝቶ ነበር፣ ይህን ሰማያዊ ማን መረጠው እያልኩ ነው የምሥለው። ያ ምስማርም ኢትዮጵያ ነው።

መልስ 18

ፎቶ አንሺ ነው። ከሁሉም በላይ በእጅ የሚያዝ ነገር የሰጠኝ እሱ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ። ሥዕሎቼን እንዴት እንዳነሣኋቸው ጠየቀኝ። ክፍሌ ውስጥ፣ ማታ፣ አምፖል አብርቼ እንደነበር ነገርኩት። ግማሹ ችግር እዚያ እንዳለ ጻፈ። የአምፖል ብርሃን ነጩን ቢጫ ያደርገዋል። የዘይት ቀለም ደግሞ ያብለጨልጫል፤ ጥቁሩ ቦታ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይወጣል።

ደመናማ ቀን ምረጪ አለ፤ ወይም ጧት በጥላ ሥር። ሥዕሉን ደጅ አውጥተሽ ቀጥ አድርገሽ አቁሚው። በአጠገቡ ሰማያዊ የቆርቆሮ አጥር ወይም አረንጓዴ ግድግዳ እንዳይኖር ተጠንቀቂ፤ ቀለሙ በሥዕሉ ላይ ያርፋል። ስልኩን በሥዕሉ መካከል ቁመት ያዢው። በጣም አትቅረቢ። ሲቀርቡ የስልክ ካሜራ ጠርዙን ያጎብጠዋል። ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደሽ በካሜራው ዙም ሁለት እጥፍ አቅርበሽ አንሺ። ፍላሽ አይነካ። አንድ ነጭ ወረቀት ከጎኑ አስቀምጠሽ አንሺ፤ በኋላ ቀለሙን ስታስተካክዪ ነጩ ነጭ እስኪሆን ድረስ በእሱ ትለኪዋለሽ። ከዚያ ጠርዙን ቆርጠሽ ሥዕሉን ብቻ አስቀሪ። ክፈፍ፣ የሰው እጅ፣ የወለል ምንጣፍ አይታይ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ነው። ፎቶውን ከስልክ ወደ ኮምፒውተር በቴሌግራም እንልከዋለን። እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፤ ዝርዝሩ ይጠፋል። እንደ ፋይል ነው መላክ ያለበት። አምና 20ዎቹንም እንደ ፎቶ ነበር የላክኳቸው።

መልስ 19 እና 20

አሥራ ዘጠነኛዋ ስለ ድጋፍ ደብዳቤ ነው የጻፈችው። ብዙ ቦታ ሦስት ይጠየቃል። ደብዳቤውን አመልካቹ አይልከውም። ሥርዓቱ ራሱ ለመምህሩ ኢሜይል ይልካል፤ መምህሩ በዚያ ሊንክ ገብቶ ይጭናል። የእሷ መምህር ኢሜይሉ አይፈለጌ መልእክት ውስጥ ገብቶበት ሳያየው ቀነ ገደቡ አለፈ። ሌላው መምህር ራስሽ ጻፊውና ልፈርም አላት። እምቢ አለች። ጥሩ አደረገች። መምህሩ ከሥራዎቿ አምስት ምስልና አጭር ማስታወሻ ሲሰጠው ግን ተቀምጦ ጻፈ። ስለዚህ ከቀነ ገደቡ ስድስት ሳምንት ቀድሞ መጠየቅ፣ ኢሜይሉ መድረሱን ደውሎ ማረጋገጥ፣ ከተቻለ የመምህሩን የመሥሪያ ቤት ኢሜይል አድራሻ መጠቀም።

ሃያኛው ስለ ሰዓት አጭር ነገር አለ። በኒውዮርክ ሰዓት እኩለ ሌሊት ማለት በክረምታቸው ለእኛ ከጧቱ 2 ሰዓት ነው። ጃንዋሪ 5 የሚል ቀነ ገደብ በኛ ታኅሣሥ 27 ነው፤ ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጨናነቃል፣ ቤት እንግዳ ይመጣል። ሳምንት ቀደም ብሎ መጨረስ ነው። ስምም በፓስፖርቱ እንዳለው አንድ ዓይነት ይሁን። የማመልከቻ ክፍያ መክፈል ለማይችል ሰው ክፍያውን የሚያነሡ ትምህርት ቤቶች ስላሉ በኢሜይል መጠየቅ ነውር እንደሌለውም ጨመረ። ይህን አምና ባውቅ ኖሮ የአክስቴን ልጅ አላስቸግርም ነበር።

መልስ 21

ሁለተኛዋ እህት ተመለሰች። ለሰው ከፍዬ ላስጽፍ ያልኩትን አልረሳችውም። በዚህ ላይ ግን ለስላሳ አልነበረችም። ሥዕሉ ካለፈ በየካቲት አካባቢ በዙም ቃለ መጠይቅ ይኖራል። ሌላ ሰው፣ ወይም ቻትጂፒቲ፣ የጻፈልኝን ጽሑፍ ይዤ እዚያ ስቀርብ ሁለት የተለያዩ ሰዎች እንሆናለን። ለማንም የማይጠቅም ወጪ ነው አለች። የአምናውን ጽሑፌን መጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እንድነግራት ጠየቀችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ መሣል እወድ ነበር የሚል ነበር። የአመልካች ሁሉ ጽሑፍ እንደዚያ እንደሚጀምር ነገረችኝ። ከዚያ በመልስ 3 ላይ ስለ ግድግዳዎቹ የጻፍኩትን አንቀጽ ጠቆመችኝ። ጽሑፍሽ እሱ ነው፤ በአማርኛ አስፍተሽ ጨርሺውና ራስሽ ወደ ቀላል እንግሊዝኛ መልሺው አለች።

መልስ 22 እና 23

ሃያ ሁለተኛው ጥያቄው ሌላ ነው። ለምን መሄድ ያስፈልጋል? አዲስ አበባም ማስተርስ አለ። ኤልያስ ስሜ እዚሁ ተምሮ፣ እዚሁ እየኖረ፣ ከተጣለ የኮምፒውተር ሽቦና ሰሌዳ የሚሠራው ሥራ ዓለም ዞሯል። ከመስከረም አሰግድ ጋር ዞማ ሙዚየምን እዚሁ ከተማ ሠርቷል። አንቺስ ምን ሆንሽ አለኝ።

ሃያ ሦስተኛው መልስ የእኔ ነው። ሁለት ቀን ወሰደብኝ። ውጭ መኖር አምሮኝ አይደለም። ሁለት ዓመት ያለ ትእዛዝ መሥራት እፈልጋለሁ። በየሳምንቱ ሥዕሌ ፊት ቆመው ይህ ሠርቷል፣ ይህ አልሠራም የሚሉኝ ሰዎች እፈልጋለሁ። 7 ዓመት ሙሉ ሥዕሌን ያየው ገዢ ብቻ ነው። እዚህም ያ ቢገኝ እቀራለሁ፤ ስለዚህ ለአዲስ አበባውም አመለክታለሁ። ሰውየው በዚህ ተስማማ።

መልስ 24

የመጨረሻው የሁለተኛዋ እህት ነው። የግድግዳዎቹን መጠን ጠየቀችኝ። በስክሪን ላይ ሁሉም እኩል ስለሚመስል ስፋቱን በትክክል መጻፍ እንዳለብኝ፣ አንዱንም ከክፍሉ ጋር አንሥቼ ትልቅነቱን ማሳየት እንደምችል ነገረችኝ። ሰባቱ ብቻቸውን ጥቂት ቢሆኑም ከሃያ ድብልቅ እንደሚሻሉ፣ እስከ ኅዳር ድረስ ሌላ አምስት ሥዕል ብጨምር ግን በቂ እንደሚሆኑ ጻፈች።

ዛሬ ጧት ሜትር ይዤ ለካኋቸው። ትልቁ 140 በ180 ሳንቲ ሜትር ነው። ትንሹ 60 በ80። አሥራ ሦስቱን ከፋይሉ አውጥቻለሁ። ሁለት አቡጀዲ ወጥሬ ነጭ ቀብቼ ግድግዳ አስደግፌያለሁ፤ እስከ ነገ ይደርቃሉ። ካዛንቺስ አንድ ሮዝ ግድግዳ አይቻለሁ፤ የመስኮቱ ቦታ ብቻ ቀዳዳ ሆኖ የቀረ። ሠራተኞቹ እስከ ሐሙስ እንደሚነሣ ነግረውኛል። ነገ በ12 ሰዓት ወጥቼ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ንድፉን እይዛለሁ።